ሁሉም የእሳቸውን ፊት ለብሰው ነበር

ዐሥር ዓመት ሞልቶኝም እንኳ በዩኒቨርሲቲው ማሊያ ላይ የታተመው ሰውዬ አያቴ ናቸው ብዬ አምን ነበር።

ፊቱ በጎን ነው የሚታየው። አፍንጫው እንደ አያቴ አፍንጫ ከመሀል ጎበጥ ያለ፣ አገጩ ጠንከር ያለ፣ ከጆሮው ኋላ ሁለት ላባ የተንጠለጠለበት። ወንዙን ተሻግረን ከተማ ስንገባ እሱ የሌለበት ቦታ የለም። በባንኩ መስኮት ላይ፣ በነዳጅ ማደያው የወረቀት ኩባያ ላይ፣ በአውቶቡስ ጎን ላይ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ የበር ምንጣፍ ላይ ሳይቀር አለ። ይሄ ሁሉ ሰው አያቴን እንዲህ የሚወዳቸው ምን ቢያደርጉለት ነው እያልኩ እገረም ነበር።

ነገሩን ጭንቅላቴ ውስጥ የከተተው ለሮይ ነው። ለሮይ የአያቴ የአጎት ልጅ ሲሆን እንደሳቸው ጦር ሜዳ ውሎ የተመለሰ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። አንድ ቀን ማደያው ደጅ የቆመው የቆሻሻ በርሜል ላይ ሥዕሉን አየና፣

«ክላረንስ፣ ዛሬ ደግሞ እዚህ ለጥፈውሃል። ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?» አለ።

አያቴ የነዳጁን ክዳን እያጠበቁ፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «በሙዝ ልጣጭ ነው የሚከፍሉኝ» አሉት።

«እኔ ብሆን እከሳቸው ነበር። አፍንጫህን አሳንሰውታል እኮ!»

«ያኔ ገና አልተሰበረም ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንደ ትልቅ ምስጢር ያዝኩት። ደግሜም አልጠየቅሁም። አያቴ ሲመሰገኑ አይወዱም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የዘማቾች ስም ሲጠራ እንኳ ወለል ወለሉን ነው የሚያዩት። ያ ሳቅ በዚያ በርሜል አጠገብ ቀና ብሎ ለማለፍ የሚሳቅ ሳቅ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ደስታ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ቬርና ያንን ሥዕል ደጃችን አታስደርስም። አንዴ ለቤተ ክርስቲያናችን በእርዳታ ከመጣ የልብስ ካርቶን ውስጥ በልኬ የሆነ ማሊያ አግኝቼ ለብሼው ገባሁ። ከላዬ ገፈፈችኝና ምድጃ ውስጥ ከተተችው። የሥዕሉ ላስቲክ ሲቃጠል የሸተተው ሽታ ሳምንት ሙሉ መጋረጃችን ላይ ነበር። እናቴ የገዛ አባቷን ፊት ማቃጠሏ እንቅልፍ ነሳኝ። አባቷን የምትጠላ መሰለኝ።

እሷ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ዓመት ተምራ ነበር። ለምን እንደተመለሰች ሰው ሲጠይቃት «ብርዱ አልተስማማኝም» ትላለች። ከእኛ መንደር እስከዚያ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ብርዱም ያው ብርድ ነው። በመኝታ ክፍሏ በር ላይ ያንኑ ማሊያ የለበሰች አሻንጉሊት በጫማ ማሰሪያ አንገቷን ታንቃ ተሰቅላ ማግኘቷን የሰማሁት እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

በዚያ ክረምት ወሬው ሁሉ ስለ ሥዕሉ ሆነ። ሥዕሉ የእኛን የዳኮታዎችን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን፣ መልክ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ቡድን ምልክት ያደረገ ነው። አንዳንድ ተማሪዎችና መምህራን ሥዕሉ ይቅር፣ በጨዋታ እረፍት ላባ ደፍቶ የሚጨፍረው ተማሪም ይቅር ብለው ተነሡ። የሚጨፍረውን ልጅ «ቀዩ አለቃ» ነው የሚሉት። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «ዳኮታዎቹ ራሳቸው ከፈቀዱ ማን ምን አገባው?» አለና የፈቃድ ደብዳቤ እንዲሰጠው የነገዳችንን ምክር ቤት ጠየቀ።

ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ክርክሩ በየቀኑ ነበር። ለሮይ የሾርባውን ሳህን በዳቦ እየጠረገ፣

«በየዓመቱ ዐሥር ልጅ በነፃ እናስተምራለን ብለዋል። ለአንድ ሥዕል! የፈለጉትን ይሳሉ። ከፈለጉ እኔን ራቁቴን ይሳሉኝ» ይላል።

«አንተንማ ከሳሉህ ተማሪ አይገባላቸውም» ትለዋለች እናቴ።

«የሊዮናን ስም አስመዝግቤያለሁ፣ ቬርና። ልጄ ናት፤ ጭንቅላት አላት።»

«እኔስ ጭንቅላት አልነበረኝም?»

ይሄኔ ሁሉም ዝም ይላሉ። ዝም ያሉት እናቴ ጭንቅላት ስላልነበራት ይመስለኝና አዝንላታለሁ።

አያቴ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። መንደሩ ግን የሚጠብቀው እሳቸውን ነበር። በጦርነት የቆሰሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ምንባብ የሚያነቡ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸውና ምክር ቤቱ የእሳቸውን ቃል ሳይሰማ ድምፅ አይሰጥም። በዚህ መካከል ከዩኒቨርሲቲው ለሽማግሌዎች የግብዣ ደብዳቤ መጣ። የቅዳሜ ከሰዓቱን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያዩ ነው።

«አባዬ፣ አትሂድ» አለች እናቴ።

«ያላየሁትን ነገር መርቄም ረግሜም አላውቅም፣ ልጄ። አየዋለሁ፤ ከዚያ የታየኝን እናገራለሁ።»

«እኔ አይቼልሃለሁ እኮ!»

«አንቺ ያየሽውን አልነገርሽኝም» አሏት ቀስ ብለው። እናቴ ተነሥታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኮሱ። በወርቅማ ክር የጦር ክፍላቸው ቁጥር የተጠለፈበትን ቆብ አደረጉ። መኪናውን የነዳው ለሮይ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ገባን። ስምንት ሺህ ሰው ይይዛል ይባላል፤ ስምንቱም ሺህ የአያቴን ፊት ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሕፃናት ለብሰውታል፤ አሮጊቶች ለብሰውታል። በወለሉ መሀል ቤታችንን የሚያክል ሆኖ ተስሏል። ተጫዋቾቹ የአያቴን አፍንጫ እየረገጡ ሲሮጡ ደስ አላለኝም፤ ግን ወለል ነውና ምን ይደረግ ብዬ ይቅር አልኳቸው። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ብርድ ልብስ ተሰጠ። በድምፅ ማጉያው «የተከበሩ የዳኮታ እንግዶቻችን» ሲባል ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። አያቴ ቆባቸውን አወለቁ። ጆሯቸው ቀላ።

«ክላረንስ፣ ይህን ያህል ሰው ያጨበጨበልህ መቼ ነው?» አለ ለሮይ።

«ስወለድ» አሉ አያቴ። ድምፃቸው ግን ልስልስ ብሎ ነበር። ያ ጭብጨባ ገብቶባቸው ነበር፤ ለመውደድም ዝግጁ ሆነው ነበር። ይህን ስጽፍም አላፍርላቸውም።

በእረፍቱ መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ የሙዚቃ ጓዱ ከበሮ ደበደበ። ቀዩ አለቃ ፊቱን ተቀብቶ፣ ወገቡ ድረስ የሚወርድ የንስር ላባ ደፍቶ እየዘለለ ወጣ። ይሽከረከራል፣ እግሩን ወደ ሰማይ ይወረውራል። ከእኛ ጭፈራ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ግን ልጅ ነኝ፣ ወደድኩት። አያቴ ልጁን አያዩም ነበር። የሚያዩት ላባውን ነው። «እውነተኛ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። «ይሄን የሠራ ሰው ያውቅ ነበር።»

ልጁ ሲዘል አንዱ ላባ ወደቀ።

እኛ ዘንድ በጭፈራ መሀል የንስር ላባ ሲወድቅ ሁሉ ነገር ይቆማል። ከበሮው ይቆማል፤ ሰው ይነሣል፤ ወንዱ ቆቡን ያወልቃል። ማንም አይነካውም። የወደቀው ላባ በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ነውና፣ ራሱ በጦርነት የቆሰለ ሰው መጥቶ፣ ዘምሮለትና ጸልዮለት፣ ሰው እንደሚያነሣ አድርጎ ያነሣዋል። በአንድ የበጋ በዓል መንደሩ በሙሉ በዚያ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ አይቻለሁ፤ ያለቀሰ ሕፃን እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበርና ተነሣሁ። አያቴም ተነሡ። ለሮይ ግማሽ ተነሥቶ ዙሪያውን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። እኔና አያቴ ከበሮው እስኪቆም ጠበቅን።

አልቆመም።

አያቴ ብርድ ልብሱንና ቆቡን ወንበራቸው ላይ አኖሩና ወደ ወለሉ ወጡ። ከጦርነቱ ጀምሮ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ልጁ በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር ላባውን በተረከዙ ረገጠው። አያቴ ደርሰው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ሌላ እግር እንዳይነካው መዳፋቸውን በላዩ ዘረጉበት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የወደቀውን ሰው መዝሙር ጀምረዋል።

አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ከላይኛው ወንበሮች አንድ ድምፅ ተነሣ። አፋቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ዋ፣ ዋ፣ ዋ፣ ዋ ይላሉ። ከዚያ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከየአቅጣጫው ተቀበሉት፤ ስምንት ሺህ አፍ ሆነ።

አወቋቸው ብዬ አሰብኩ። በመጨረሻ አወቋቸው! ደረታቸው ላይ ያለው ሰው እነሆ መሀላቸው ወርዷል። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ፤ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባለኝ አቅም ሁሉ፣ እየዘለልኩ ዋ፣ ዋ፣ ዋ አልኩ። አያቴ ቀና አሉና አዩኝ። ፈገግ ያሉልኝ መሰለኝ። አንድ ሰው ፋንዲሻውን ከነካርቶኑ ወረወረና ትከሻቸው ላይ ተበተነ፤ ለሙሽራ እንደሚበተነው ያለ ነገር መሰለኝ።

ሁለት ዘበኞች መጥተው በክንዳቸው አንሥተው ወሰዷቸው።

«የት ነው የሚወስዷቸው?» አልኩት ለሮይን።

«ሽልማት ሊሰጡት ነው» አለኝ። አፍንጫው ይፈስ ነበር። «ጉንፋን ይዞኛል» አለ ሳልጠይቀው።

ቆባቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ ጠበቅሁ።

አያቴ በዚያ ሰዓት በአዳራሹ የኋላ በር ውጭ፣ ያለ ኮት፣ በረዶ እንደ ጨው በሚበተንበት ብርድ ግድግዳ ተደግፈው ፖሊስ እስኪመጣ ቆመው ነበር። ላባውን «የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው» ብለው ጣታቸውን ፈልቅቀው ወሰዱባቸው። በማግስቱ ጋዜጣው አንድ ሰካራም ሽማግሌ ጨዋታ ማወኩን በአራት መስመር ጻፈ። አያቴ እኔ ከመወለዴ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጀምሮ መጠጥ ባፋቸው አልዞረም።

ረቡዕ ጠዋት ምክር ቤቱ በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ከዩኒቨርሲቲው አቶ ሃልቨርሰን የሚባል፣ ዐይኑ ደግ የሚመስል ሰው አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ መጣ። ቆሞም ተናገረ። በተፈጠረው አዝነናል አለ። ዘበኞቹ ሽማግሌው መጠጥ ሸትተውናል ብለው መጻፋቸውን አስታወሰና እሱን አናነሣውም አለ። አንሥቶት ማለት ነው። የሕዝቡ ድምፅ ደግሞ ስድብ ሳይሆን ማበረታቻ ነው፣ ለገዛ ተጫዋቾቻችንም እንዲሁ ነው የምንለው አለ።

ሰብሳቢው «ለሮይ፣ አንተ አብረህ ነበርክ» አለው።

ለሮይ ተነሣ። «መብራቱ ደብዝዞ ነበር» አለ። «እኔ... ብዙም አላየሁም።»

«ጆሮህም ደብዝዞ ነበር?» አለች እናቴ ከኋላ። አንዳንዶች ሳቁ። ለሮይ ተቀመጠ።

ይሄኔ እጄን አወጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ ጠብቄያለሁ። ለአያቴ ስለተደረገላቸው ክብር ማንም ሲናገር ስላልሰማሁ ተናድጄ ነበር።

«አርዲስ፣ ቁጭ በይ» አለች እናቴ።

«ልጅቷም ነበረች እኮ፤ ትናገር እንጂ» አለ አቶ ሃልቨርሰን በፈገግታ። ሰብሳቢውም «ነይ፣ ነይ የኔ ልጅ» አለኝ።

ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረጉልኝ። «አያቴ ላባውን ሊያነሡ ሲወጡ ሰው ሁሉ ጮኸላቸው» አልኩ። «አበባ የመሰለ ነገር በተኑላቸው። ሁሉም የእሳቸውን ፊት ለብሰው ነበር። በጣም ይወዷቸዋል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ደስ ስላላቸው መሰለኝ።

«ክላረንስ» አለ ሰብሳቢው፣ «ነገሩ ልጅቷ እንዳለችው ነው?»

አያቴ ወንበር ተደግፈው ተነሡ። እኔን አዩ፤ ሰብሳቢውን አዩ።

«የልጅ ልጄ አትዋሽም» አሉና ተቀመጡ።

ከአጭር እረፍት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለሦስት ሆኖ ደብዳቤው ተፈረመ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ በአያቴና በእናቴ መሀል ተቀምጬ «አባባ፣ ጥሩ ተናገርኩ?» አልኳቸው።

«ጥሩ ተናገርሽ። ሁሉም ሰማሽ።»

እናቴ መስኮቱን እንደሚያይ ሰው ዞራ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ያቺን «በጣም ይወዷቸዋል» የምትል ዓረፍተ ነገሬን «አንዲት የዐሥር ዓመት የዳኮታ ልጅ እንዳለችው» ብሎ ለዓመታት በመጽሔቱ አተማት። ለአያቴ የቀረላቸው የጋዜጣው አራት መስመር ነው። ሱቅ ሲሄዱ የከተማ ጎረምሶች ከኋላቸው እየተንገዳገዱ ያጅቧቸዋል፤ እሳቸው የሚጎትቱት በጦርነት የቆሰለውን እግር ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ምንባብ በራሳቸው ፈቃድ ለሌላ ሰው ለቀቁ። በአራተኛው ክረምት አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

እኔ ያ ድምፅ በእኛ ላይ የሚያሾፉበት የፌዝ ጩኸት መሆኑን ያወቅሁት ከተቀበሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የትምህርት ቤታችን ቡድን ከተማ ገብቶ ሲጫወት፣ ከአውቶቡስ ስንወርድ ልጆች ተሰልፈው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጠበቁን። አንዱ ፊቴ ላይ ምራቁን እስኪረጭብኝ ተጠግቶ ዋ፣ ዋ፣ ዋ አለኝ። የአስፋልቱ ዳር ላይ አስመለሰኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአያቴ ፈረድኩባቸው። እኔስ ልጅ ነበርኩ፣ እሳቸው ግን አወቁ፤ እያወቁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዝም አሉ አልኩ። ፈሩ አልኩ፤ የነጮቹ ጭብጨባ ጣፍጧቸዋል አልኩ። በየዓመቱ መቃብራቸውን ሳጸዳ ከዚህ ፍርድ ጋር ነው የማጸዳው። ጸሎት አደርሳለሁ፤ ይቅር ግን አላልኳቸውም። ሠላሳ ዓመት።

አሁን ሥራዬ መስማት ነው። የነገዳችን ጽሕፈት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቻችን የተቀዱባቸው የድሮ ካሴቶች በካርቶን ተቆልለዋል። እየሰማሁ በወረቀት አሰፍራቸዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ ደጋግሜ እየሰማሁ ነው የተማርኩት። ማዳመጫውን ከማድረጌ በፊት አማትባለሁ፤ የሞተ ሰው ድምፅ ነውና በባዶ እጅ አይገባበትም።

ዘንድሮ የሥዕሉ ክርክር እንደገና ተነሣ። የሚመጣው ሐሙስ በሁለቱም ወገን፣ በእኛና በዩኒቨርሲቲው፣ ፊት ስብሰባ አለ። ምክር ቤቱ የያኔው ስብሰባ ቃል በቃል ተጽፎ በዚያ እንዲነበብ አዘዘ። የያኔው ስብሰባ መቀዳቱን እንኳ አላውቅም ነበር። ካሴቱ ካርቶኑ ሥር ተገኘ።

የአቶ ሃልቨርሰንን ድምፅ ሰማሁ፤ የለሮይን ሰማሁ። ከዚያ ቀጭን፣ የምትቸኩል፣ በራሷ የምትኮራ የልጅ ድምፅ መጣ። ጻፍኳት። «የልጅ ልጄ አትዋሽም» የሚለውንም ጻፍኩ። ሰብሳቢው የእረፍት ሰዓት ነው አለ፤ ወንበሮች ተንኳኩ፤ የሰው ድምፅ ራቀ። ማይክሮፎኑን ግን ማንም አልዘጋውም። ካሴቱ ዝም ብሎ እየዞረ ሳለ አጠገቡ ሁለት ሰው ሲንሾካሾክ ተሰማኝ።

«አባዬ፣ ተመለስና ንገራቸው። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ንገራቸው።»

«እሷ እየሰማች?»

«እንግዲያ ስምህስ? ሰካራም ብለው ይቅበሩህ?»

የሚተነፍሱት ይሰማል።

«ቬርና፣ አርዲስም ትለው ነበር። ወንበር ላይ ወጥታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እያየችኝ፣ በደስታ እየዘለለች። ዛሬ እዚህ ቆሜ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ከተናገርኩ ምን እንዳደረገች ታውቃለች። ዐሥር ዓመቷ ነው።»

«አንድ ቀን ማወቋ አይቀርም።»

«አይቀርም። እኔን ከቀበረች በኋላ ይሁንላት። እስከዚያ ዐይኔን ማየት ትችላለች። አንቺም አትንገሪያት።»

የእናቴ መልስ አይሰማም። አንዲት ወንበር ተጎተተችና ካሴቱ አለቀ።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ ትኖራለች። ቃሏን እስከ ዛሬ ጠብቃለች።

ይህን የመጨረሻውን ክፍል ብተወው የሚያውቅብኝ የለም፤ እረፍት ላይ የተባለ ነው። ከጻፍኩት ግን አያቴ ሰክረው እንዳልነበሩ፣ ስለ ምን ዝም እንዳሉ ሐሙስ ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይነበባል። ወንበር ላይ ወጥታ የምትዘልለው ልጅም አብራ ትነበባለች። እሳቸው ስማቸውን የከፈሉት ይህ እንዳይሰማ ነበር።

ማዳመጫውን መልሼ አደረግሁ። ካሴቱን ወደ ኋላ አዞርኩና ከመጀመሪያዋ ሹክሹክታ ጀምሬ ቃል በቃል ጻፍኩት። በወረቀቱ አናት ተናጋሪዎቹና የሚጠቀሱት ሰዎች በሙሉ በስም ይዘረዘራሉ፤ እኛ የምንሠራው እንደዚያ ነው። «አንዲት ልጅ» ብዬ ጀምሬው ነበር። ሰረዝኩትና አርዲስ ብሉስቶን ብዬ ጻፍኩ።